በበጋ ባዶውን የሚቀር ማሳ፦ ስለ ሽፋንና ስለ መኖ ሰብሎች

ጽሑፌን የምጀምረው በአንድ የትርጉም ስህተት ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለን በአፈር ለምነት ኮርስ ፈተና ላይ «ዊንተር ከቨር ክሮፕ ምንድን ነው? መቼስ ይዘራል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ከክፍላችን ብዙዎቻችን «በክረምት የሚዘራ ሰብል ነው፤ ጊዜውም ሰኔ ነው» ብለን ጻፍን። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ «ዊንተር» ማለት «ክረምት» ነው ይላችኋል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። የፈረንጆቹ ዊንተር ግን ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው የብርድ ወቅት ሲሆን በእኛ አቆጣጠር በጋ ላይ ይውላል። የእኛ ክረምት ደግሞ ዝናቡ የሚወርድበት፣ ገበሬው የሚዘራበትና የሚያርምበት ወቅት ነው።

ነጥቡ ተቀነሰብኝ፤ እሱስ ይሁን። ጥያቄው ግን ከፈተናው በኋላም አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ከስሙ በስተጀርባ ያለው ቁም ነገር «የሚታረስ መሬት ሰብል በሌለበት ወራት ምን ይሆናል? በእነዚያ ወራትስ መኖ ሊበቅልበት አይችልም ወይ?» የሚል ነው። ይህ ደግሞ የእኔን ቤተሰብ ማሳና ከብት በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው። ስለሆነም በቅድሚያ አሠራሩ በመጣበት አገር ለምን እንደተፈለገ፣ ቀጥሎም ወደ እኛ ደጋ ሲመጣ ምኑ እንደሚሠራና ምኑ እንደማይሠራ፣ በመጨረሻም እኔና እናቴ ሞክረን ያጋጠመንን አቀርባለሁ።

ለመሆኑ ሽፋን ሰብል ለምን ተፈለገ?

እንደ ምሳሌ አየርላንድን እንውሰድ። እዚያ አገር ብዙው ገብስ የሚዘራው በመጋቢትና በሚያዝያ ሲሆን የሚታጨደው በነሐሴ ገደማ ነው። ከዚያ እስከ ቀጣዩ መጋቢት ድረስ ስድስት ሰባት ወር ማሳው ሰብል የለበትም። ሰማዩ ግን አያርፍም። በብርዱ ወራት የሚወርደው ዝናብ በትነት ከሚሄደው ውሃ ስለሚበልጥ ትርፉ ውሃ አፈሩን ሰንጥቆ ወደ ታች ይወርዳል። ናይትሬት ደግሞ አሉታዊ ሙላት ያለው ስለሆነ የአፈሩ ሸክላ አይዘውም፤ ውሃው በሄደበት አብሮ ይሄዳል። ሰብሉ ሳይጠቀምበት የቀረው ማዳበሪያና ከብስባሹ የተለቀቀው ናይትሮጅን በዚህ መንገድ ከሥር በታች ያልፍና ወደ ጉድጓድ ውሃና ወደ ወንዝ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በ1991 (እ.ኤ.አ.) የናይትሬት መመሪያውን ያወጣው ይህንኑ ከእርሻ የሚመጣ ብክለት ለመቀነስ ነው። በመጠጥ ውሃ ውስጥ ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚለው ወሰንም የሕፃናትን ጤና ታሳቢ ያደረገ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ገብሱ እንደታጨደ አፈሩን ላይ ላዩን ቧጨር አድርጎ በፍጥነት የሚያድግ ነገር መዝራት። ራይ፣ አጃ፣ ሰናፍጭ፣ ፋሲሊያ፣ ቬች፣ የመኖ ጎመንና የመኖ ተርኒፕ ለዚህ ይውላሉ። የዘሩ ሥር ናይትሬቱን ወደ ታች ሳያልፍ ይይዘውና ቅጠልና ግንድ ያደርገዋል። ጊዜው ግን ጥብቅ ነው። እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር የእነሱ ዘር መሬት ውስጥ ገብቶ መሆን አለበት፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ እያጠረ ብርዱም እየበረታ ስለሚሄድ አንድ ሳምንት መዘግየት እንኳ በዕድገቱ ላይ ይታያል።

ከእነዚህ ሰብሎች አንዳንዱ ለአፈሩ ብቻ የሚዘራ ሲሆን ሌላው ለመኖም ይሆናል። የመኖ ጎመንና ተርኒፕ የተዘራበትን ማሳ ገበሬው በኤሌክትሪክ አጥር እየከፋፈለ በጎቹን ያስግጥበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። በጎቹ የበሉት እዚያው ነው፣ ፋንድያቸውንና ሽንታቸውን የሚጥሉትም እዚያው ነው። የበሉት ናይትሮጅን አብዛኛው ወደዚያው ማሳ ይመለሳል።

የተያዘው ናይትሮጅን ለቀጣዩ ሰብል መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስነው የተክሉ የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔ ነው። ምጣኔው ከ25 ለ1 ገደማ በታች ሲሆን፣ ለምሳሌ ለጋ ቬች ሲገለበጥ፣ ቶሎ በስብሶ ይለቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ለምሳሌ የጎለመሰ ራይ ወይም የእኛ የስንዴ ጭድ፣ ደቂቅ ሕዋሳቱ ራሳቸው ከአፈሩ ናይትሮጅን ይሻማሉ፤ ቀጣዩ ሰብል ለጊዜው ይገረጣል። ይህን ሁላችንም ተምረነዋል፤ አልደግመውም።

ወደ እኛ ደጋ ስንመጣ

የእኛ ቤት በሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ነው። ሁለት ዓይነት መሬት አለን። አንዱ ከቤታችን በላይ ያለው ተዳፋት ሲሆን ገብስ ይዘራበታል፤ ሌላው ሜዳ ላይ ያለው ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላ አፈር ነው፤ ስንዴ፣ ምስርና ጓያ ይፈራረቁበታል። ዝናቡ በመስከረም ያባራል። ከጥቅምት እስከ ጥር የሚወርድ ነገር ቢኖር ጥቂት ነው፤ እሱም አውድማ ላይ ያለ እህል የሚያበላሽ ነው እንጂ አፈር ሰንጥቆ የሚያልፍ አይደለም። ስለዚህ በአየርላንድ ሽፋን ሰብልን የግድ ያደረገው ዋናው ምክንያት፣ ናይትሬትን ከዝናብ ማዳን፣ በእኛ በጋ የለም። ዝናብ በሌለበት ታጥቦ የሚወርድ ነገር አይኖርም።

ታዲያ የእኛ መሬት የሚያፈስበት ወቅት የለም ማለት ነው? አለ፤ ግን ሌላ ወር ላይ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በርች የሚባል ተመራማሪ በኬንያ ሙጉጋ ሲሠራ ያጠናው አንድ ክስተት አለ። አፈር ለረጅም ጊዜ ደርቆ ቆይቶ ድንገት ሲርስ ደቂቅ ሕዋሳቱ በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፤ ብስባሹን ይበሉና ብዙ ናይትሮጅን በአጭር ጊዜ ይለቃሉ። ዛሬም «የበርች ውጤት» ይባላል። የእኛ ማሳ ከኅዳር ጀምሮ ሲደርቅ ከርሞ የሰኔ ዝናብ ሲመታው የሚሆነው ይኸው ነው። የዓመቱ ትልቁ ነፃ ማዳበሪያ የሚለቀቀው ያን ሰሞን ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ሰሞን ግን ማሳው ላይ ሥር ያለው ነገር የለም። ለጤፍ የሚሆነው መሬት ሦስት አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታርሶ፣ ዱቄት ሆኖ፣ ባዶውን ዘር ይጠብቃል። ጤፉ ሐምሌ ላይ ተዘርቶ አፈሩን እስኪሸፍን ሌላ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል።

የሚታጠበው ናይትሮጅን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዩሪያ ገዝተን እንተካው ነበር። አፈሩም አብሮ ይሄዳል። ሃንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ደጋ ከተቋቋሙት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች በተገኘው መረጃ ተመሥርቶ፣ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚሸረሸር ገምቷል። ዝናቡ ከፍ ብሎ የሰብሉ ሽፋን ገና ባልመጣበት በክረምቱ መግቢያ ማሳው ለመሸርሸር ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን ለመረዳት ደግሞ የሐምሌን ጎርፍ ቀለም ማየት ይበቃል።

ስለዚህ «ዊንተር ከቨር ክሮፕ» የሚለውን እንዳለ ገልብጠን በጥቅምት እንዝራ ብንል ናይትሮጅን ስለማጥመድ የምንናገረው ነገር ባዶ ነው። በበጋ የሚዘራ ሰብል ለእኛ የሚጠቅመው በሁለት ሌላ ምክንያት ነው። አንደኛው መኖ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሰብሉ የሚቀረው ሥርና ቃርሚያ እስከ ሰኔ ድረስ መሬቱ ላይ ከቆየ የመጀመሪያዎቹን ጎርፎች ስለሚያበርድ ነው። «ከቆየ» የምትለዋ ቃል ናት እንግዲህ ችግሩ።

ዋልካ የሚይዘው ውሃ

«ዝናብ ሳይኖር በጥቅምት ምን ይበቅላል?» የሚል ጥያቄ ለደጋ ልጅ መልሱ ግልጽ ነው፤ ሽምብራ፣ ጓያና ምስር የሚበሉት ዋልካው ያስቀመጠውን ውሃ ነው። አገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚገመት ጥቁር ሸክላ አፈር ሲኖራት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በደጋው ክፍል ይገኛል። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥርና ሰብሉን ያሰጥማል፤ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። አርሶ አደሩ ከጥንት ጀምሮ ያገኘው ዘዴ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ዘርቶ በቀሪው እርጥበት ማብቀል ነው። በአደአና በበቾ የሽምብራው፣ በእኛ አካባቢ የጓያውና የምስሩ እርሻ እንዲህ ነው።

ውሃውን መጠቀሙ ቀጣዩን ሰብል አይጎዳም ወይ የሚል ክርክር አለ። በእኔ አስተያየት እንደ ቦታው ይለያያል። የክረምቱ ዝናብ በቂ በሆነበት ደጋ ዋልካው በሐምሌ መልሶ ይጠግባል፤ በጋውን ሰብል ባይጠጣውም ብዙው በስንጥቁ ተንኖ መሄዱ አይቀርም። በበልግ ዝናብ በሚዘራበት ወይም ክረምቱ አጭር በሆነበት ወረዳ ግን በጥር የጠጣነው ውሃ በየካቲት ሊያስፈልገን ይችላል።

ውሃው ገና ክረምት ሳለ እንዲወጣ ማድረግም ይቻላል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የያኔው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ከሌሎች ተቋማት ጋር ባካሄደው የጥቁር አፈር ፕሮጀክት ሁለት ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣውን ቢቢኤም አስተዋውቋል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ግን ባለሙያዎቹ እነዋሪ ሲመጡ መደቡን እዚያው አግኝተውታል፤ ሴቶችና ልጆች አፈሩን በእጅ እየዛቁ ሲሠሩት የኖሩት ነው። እናቴ ዛሬም ወገቧን የምታመው በዚያ ነው። ውሃው ከተጠነፈፈ ቀደም ብሎ መዝራት፣ ቀደም ብሎ ማጨድ ይቻላል፤ ቀደም ብሎ ከታጨደ ደግሞ በቀረው እርጥበት ሁለተኛ ሰብል ይገባል። ለመኖ ሰብል በሩ የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው።

ቬች ወይስ ጓያ?

ለደጋው ከሚመከሩት የመኖ ጥራጥሬዎች ቀዳሚው ቬች ነው። ከአጃ ጋር ተቀላቅሎ ሲዘራ አጃው ድጋፍ ይሆነዋል፣ እሱ ደግሞ ፕሮቲን ይጨምራል፤ በሆለታ የምርምር ማዕከል ለበርካታ ዓመታት የተሠራበት ቅይጥ ነው። ችግሩ ቅይጡ ጥሩ የሚሆነው በክረምት ሲዘራ ነው። ክረምት ደግሞ የስንዴና የጤፍ ነው። ሩብ ሄክታር ጥማድ ያለው ሰው ከልጁ እንጀራ ቀንሶ ለላሙ አጃ አይዘራም፤ ብንመክረውም አይሰማንም፣ ባይሰማንም ልክ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በሰብል ሥር መዝራት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተካሄደው አራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት ይህን ዘዴ ካስፋፉት አንዱ ነው። ገብሱ የመጀመሪያ አረም ከታረመ በኋላ የቬች ዘር በመካከሉ ይበተናል። ዝናቡ ሳለ ሥር ይይዛል፣ ገብሱ ሲታጨድ ብርሃን ያገኛል፣ ከዚያ በራሱ ይቀጥላል። አንድ ቀን ተጨማሪ እርሻ አይጠይቅም። ሆኖም ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቱፎርዲ የሚረጭበት ማሳ ላይ አይሆንም፤ ቱፎርዲ ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ይገድላል፣ ቬችም ለእሱ አረም ነው። ሁለተኛ፣ ጤፍ ውስጥ አይሞከርም። ጤፍ ቀጭን ስለሆነ ሐረጉ ተጠምጥሞ ያጋድመዋል።

ሦስተኛው ከላይ ያልነው፣ ዋልካ ላይ በመስከረም በቀሪ እርጥበት መዝራት ነው። እዚህ ላይ ቬች ተወዳዳሪ አለው፤ ጓያ። ጓያ ድርቅ ይችላል፣ ውሃ ያቆረ መሬትም ይችላል፣ ገለባው ለከብት ተወዳጅ ነው፣ ፍሬው ደግሞ ሽሮ ይሆናል። ጉዳቱን የማያውቅ የለም። እህል በጠፋበት ጊዜ ለሁለት ሦስት ወር ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ በውስጡ ያለው መርዝ እግር ይሰብራል፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በደላንታ ብዙ ሰው «ጓያ ሰበረው» ተብሏል። የተሰበረው አይድንም። ቬች ይህ የለበትም፤ ምክንያቱም ሰው አይበላውም። ገበሬው ዘንድ ደግሞ ትልቁ እንከኑ ይኸው ነው። እናቴን ስለ ቬች ሳስረዳት የጠየቀችኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ክፉ ቀን ቢመጣስ ይበላል?»

የመኖ ጥቅሙን በቁጥር እንየው። ላም ጭድ በልታ ጭዱን ለማዋሃድ በሆዷ ያሉት ደቂቅ ሕዋሳት ከመኖው 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የጤፍም ሆነ የስንዴ ጭድ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ በግንቦት የምናየው የከሳ በሬ ጭድ አጥቶ ብቻ ሳይሆን ጭዱ አልፈጭለት ብሎም ነው። በአበባው የታጨደ የቬች ድርቆሽ 18 በመቶ ፕሮቲን አለው ብንል፣ ጥቂት እፍኝ ቬች ብዙውን ጭድ ያስበላል። ለእርሻ በሬ ደግሞ ይህ የሚያስፈልገው ልክ ማረሻ በሚጠመድበት በክረምቱ መግቢያ ነው።

ያው ድርቆሽ በሌላ በኩል ሲታይ ደግሞ እንዲህ ነው። 18 በመቶ ፕሮቲን ማለት ወደ 2.9 በመቶ ናይትሮጅን ማለት ስለሆነ፣ በአንድ ኩንታል ድርቆሽ 6 ኪሎ ግራም ዩሪያ የሚያህል ናይትሮጅን አለ። አፈሩ ውስጥ ብንገለብጠው ለቀጣዩ ስንዴ ነው። አጭደን ቤት ብንወስደው ግን ከማሳው ወጣ። የአየርላንዱ በግ እዚያው በልቶ እዚያው ይጥላል ያልኩት ለዚህ ነው። የእኛ ላም ቤት ትበላለች፣ እበቷ ኩበት ይሆናል፣ ኩበቱ ምድጃ ይገባል፣ ናይትሮጅኑም በጭስ ይወጣል። ስለሆነም «ሽፋንም መኖም» እያልን በአንድ ትንፋሽ የምናስተምረው ነገር በእኛ ቤት ግማሹ ብቻ እውነት ነው። መኖ ከሆነ ለአፈሩ የሚቀርለት ሥሩና ቃርሚያው ነው። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ መኖውን እመርጣለሁ፤ የሰባ በሬ በጊዜ ያርሳል፣ በጊዜ የታረሰ በጊዜ ይዘራል። ግን አፈሩን አዳብረናል ብዬ አልፎክርም።

የታህሣሥ ማሳ የማን ነው?

ሁለተኛ ዓመትን ጨርሼ ለእረፍት ቤት ስገባ ከአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሁለት ኪሎ የቬች ዘር ለምኜ ወሰድኩ። እናቴ ከቤት በላይ ካለው የገብስ ማሳ ላይ ቁራሽ ፈቀደችልኝ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ አረሙ ካለቀ በኋላ፣ በተንኩት። ገብሱ ኅዳር ላይ ሲታጨድ ቬቹ ከጉልበት በታች ደርሶ አረንጓዴ እንደነበር ታናሽ ወንድሜ በስልክ ነገረኝ። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ እሱ ብቻ አረንጓዴ ነበር። ደስ ብሎኝ ለክፍል ጓደኞቼ አወራሁ። እዚያው ላይ ነው መጠርጠር የነበረብኝ።

ታህሣሥ አጋማሽ ላይ እናቴ ደወለች።

«ልጄ፣ ሣርህን ከብት በላው።»

«የማን ከብት?»

«የሁሉም።»

«ለቀበሌ አልከሰስሽም?»

«ማንን ልክሰስ? የእኔም በጎች እኮ የሰው ማሳ ላይ ናቸው ያሉት።»

በአካባቢያችን ልማድ እህል ከተነሳ በኋላ ማሳ የግል መሆኑ ያበቃል። የታጨደ መሬት የሁሉም ከብት ግጦሽ ነው፤ እስከሚቀጥለው እርሻ ድረስ። ይህንን ትምህርት ቤት «ልቅ ግጦሽ» ብለን እንደ በሽታ ስም እናጠናዋለን። ጎጂነቱም እውነት ነው፤ ሰኔ ላይ ጎርፉን ሊያበርድ የሚገባው ቃርሚያ ጥር ላይ ተግጦ አልቋል፣ አፈሩ በኮቴ ተረግጦ ደድሯል፣ አጥር የሌለው ማንኛውም የበጋ ተክል ይጠፋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ በተሠራበት መሬት ልቅ ግጦሽ እንዲቀርና ደረጃ በደረጃ አጭዶ መመገብ እንዲተካ ደንግጎ ነበር። ወረቀቱ ከወጣ ብዙ ዘመን አለፈ፤ የእኔን ቬች ግን አላዳነውም።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ለጥር እረፍት ቤት ስሄድ ግን አንድ ነገር አየሁ። ከእኛ ቀጥሎ የምትኖር አንዲት ባልቴት አለች። መሬቷን የሚያርስላት ስለሌለ ለእኩል ሰጥታለች፤ ያላት አንዲት ላምና አንድ ጥጃ ነው። ጭድ የላትም ማለት ይቻላል። ላሟ ከታህሣሥ እስከ መጋቢት የምትኖረው በሰው ማሳ ቃርሚያ ነው። «ልቅ ግጦሽ ይከልከል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወደ እሷ በር ሲደርስ «ላምሽን ሽጪ» ማለት ነው። መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶችም ሁለት ሦስት በግ የሚያረቡት በዚሁ ነው። ስለዚህ ክልከላውን ስንሰብክ የማን ኪሳራ እንደሆነ አብረን መናገር አለብን። ቬች ዘርቶ የሚጠቀመው መሬት ያለው ነው፤ ግጦሹን የሚያጣው መሬት የሌለው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። የመኖ ሰብል ሙከራዎች የሚካሄዱባቸው ቦታዎች፣ የእኛንም ግቢ ማሳ ጨምሮ፣ አጥር አላቸው፣ ዘበኛም አላቸው። ከዚያ የሚወጣው የምርት ቁጥር ትክክል ነው፤ ግን የጎረቤት በሬ አላየውም። አርሶ አደሩ «ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ጋ አይሆንም» ሲለን የማወቅ ችግር አድርገን እንወስደዋለን። እሱ የሚያወራው ስለ አጥሩ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አጥር ማጠር የሚለው ወዲያው የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ ለጓሮ ይሆናል፣ ለተበታተነ ማሳ ግን እንጨቱም ጉልበቱም የለም። እረኛ ማቆም ደግሞ ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ነው። እኔ መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ሜዳው ላይ፣ ጓያው ውስጥ ነው። ጓያ ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ ነው የሚነሳው። ቬቹ ሲበላ ጓያው አረንጓዴውን ቆሞ ነበር፤ አንድም ከብት አልነካውም። አጥር የለውም፣ ዘበኛም የለውም። ለምን? አንደኛ፣ ሰው የሚበላው ስለሆነ ማስበላት ነውር ነው፤ ካሳም ያስከፍላል። ሁለተኛ፣ ሁሉም በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ሰሞን ስለሚዘራው ሜዳው በሙሉ እስኪነሳ ከብት ወደዚያ አይነዳም። ሕጉን ያወጣው ማንም አይደለም፤ ልማድ ነው። ማለትም በእኛው ቀበሌ፣ በዚያው በጋ፣ ከልቅ ግጦሽ የተከለለ መሬት አስቀድሞ ነበር። እኔ ቬቹን የዘራሁት ከዚያ ክልል ውጭ፣ ከታጨደ ገብስ መካከል ብቻውን ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደተረሳ ድግስ ማለት ነው።

በሚቀጥለው መስከረም እናቴን አስፈቅጄ ከጓያው ማሳችን ዳር፣ ወደ ውስጥ በኩል፣ አሥር እርምጃ የሚሆን ስፋት ላይ ቬች ዘራሁ። ለአካባቢው ሽማግሌ «አዲስ ዓይነት ጓያ ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ዘመዱ ነው አልኳቸው፤ ውሸትም አይደለም፣ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ሰብሉ ከክረምቱ ዘር ያነሰ ነበር፤ የኅዳሩ ውርጭም ጫፍ ጫፉን አቃጠለው። ለመኖ ስለሆነ ግን ፍሬ እንዲያፈራ አይጠበቅም። ማንም አልነካውም። ጥር ላይ በአበባው ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ጎተራው ሥር ለበሬዎቹ ተቀመጠ። እናቴ ከላዩ ጥቂት ለባልቴቷ ላም ሰጠች። እኔ አላዘዝኳትም።

ዘር ማባዛቱ ገና ያልተፈታ ነገር ነው። ለመኖ በአበባው ካጨድነው ዘር አይሰጥም፤ ለዘር ካስቀመጥነው ደግሞ መኖነቱ ይወርዳል፣ ፍሬውም ማሳው ላይ እየረገፈ በቀጣዩ ስንዴ ውስጥ አረም ሆኖ ይበቅላል። ዘንድሮ ሦስት ጎረቤቶች ዘር ጠይቀውናል፤ ያለን አንድ ጣሳ ነው። እናቴ ጓሮ ውስጥ፣ ከጎመኑ አጠገብ፣ ለዘር ብቻ የሚሆን መደብ አዘጋጅታለች። ከመምህራኖቻችን መካከል ቬችን በትንሽ መደብ ለዘር ማባዛት ላይ የሠራ ካለ፣ ወይም ከተማሪዎች መካከል በበጋ ከብት የማይነዳበት ሜዳ ባለው ወረዳ የተወለደና ሰዉ ያን ሜዳ እንዴት እንደሚያስከብረው የሚያውቅ ካለ፣ በትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል ቢያገኘኝ ደስ ይለኛል፤ ቢሆን ቢሆን ከነሐሴ በፊት።